ሳይቸግር ጤፍ ብድር፦ ሰርቨር «እናፈጥናለን» ለምትሉ ሁሉ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ስለሆነ ቡናችሁን ያዙ። የትዕዛዞቹን ስም በአፋችን እንደምንጠራቸው በራሳችን ፊደል ነው የምጽፋቸው፤ ያልገባችሁ ካለ ኮሜንት ላይ ጠይቁኝ፣ እመልሳለሁ።

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ «የሊኑክስ ሰርቨርዎን የሚያፈጥኑ 25 መስመሮች» የሚል ጽሑፍ እየዞረ ነው። ሦስት የቀድሞ ተማሪዎቼ ፎርዋርድ አድርገውልኛል። አንዷ «ቲቸር፣ ይሄ ይሠራል?» ብላ ጠየቀችኝ። ሌላው አልጠየቀም፤ «ቲቸር፣ አስገብቼዋለሁ፣ ሰርቨሩ በረረ» ነው ያለኝ። በምን ለካኸው ስለው «ኧረ ያስታውቃል» አለኝ።

ዛሬ ያናገረኝ ይሄ «ያስታውቃል» የሚባለው ነገር ነው።

ለማታውቁት ባጭሩ። ከርነል ማለት በሃርድዌሩና በፕሮግራሞቹ መካከል ቁጭ ብሎ ሜሞሪውን፣ ዲስኩን፣ ኔትወርኩን የሚያከፋፍለው የሲስተሙ እምብርት ነው። ሊኑክስ ላይ የዚህን አከፋፋይ ጠባይ የሚወስኑ ብዙ መቶ ቁጥሮች «ፕሮክ» ውስጥ «ሲስ» በሚባል ማውጫ ስር እንደ ፋይል ሆነው ይታያሉ። ሩት የሆነ ሰው «ሲስሲቲኤል» በሚባለው ትዕዛዝ ማሽኑን ሳያጠፋ ሳያስነሳ ይቀይራቸዋል። ኢንተር እንደነካህ ሥራ ላይ ይውላል። «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ የሚጠይቅህ የለም። ሰርቨሩ ላይ ሺህ ሰው እየተጠቀመ ሳለ ነው ይሄ ሁሉ የሚሆነው። ትልቅ ጉልበት ነው፤ ስንት ሥራ አስኪያጅ «አሁን ማጥፋት አይቻልም» ሲል ያዳነን ጉልበት ነው። እኔ ጠቤ ከጉልበቱ ጋር አይደለም። ጠቤ ትርጉሙን ሳያውቁ 25 ቁጥር በአንዴ ከሚገለብጡና ገልብጠው ሼር ከሚያደርጉ ሰዎች ጋር ነው።

ከነዚህ ሰዎች አንዱ ደግሞ እኔ ነበርኩ። እሱን ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ ሌሊት፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት አልፏል፣ የ2008 ዓ.ም. የአይሲቲ ክበብ ልጅ የነበረ ተማሪዬ ደወለ። አሁን አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ ሲስተም አድሚን ነው። ድምፁ ልክ አልነበረም። የኦንላይን ምዝገባ ከፍተዋል፣ ግማሹ ተማሪ ይገባለታል፣ ግማሹ ገጹ እየዞረ እየዞረ ይቀርበታል። ሰርቨሩን ሲያየው ምንም አልሆነም፤ ሲፒዩው ሥራ ፈት ነው፣ ሜሞሪ አለ፣ ሎጉ ላይ ስህተት የለም። አለቃው መጀመሪያ ኔትወርክ ነው አሉ፣ ሁለተኛው ቀን ላይ ግን «አንተ ምን ነክተህ ነው?» ማለት ጀመሩ። ጠዋት ስብሰባ ተጠርቷል።

«የሚገባላቸውና የማይገባላቸው በምን ይለያያሉ?» አልኩት። አያውቅም። «ቤታቸው ሆነው ብቻቸውን የሚሞክሩት ይገባላቸዋል?» ትንሽ ዝም አለና «አዎ መሰለኝ… ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በዋይፋይ የሚሞክሩት ናቸው የሚያለቅሱት። ከአምስቱ ለአንዱ ይከፍትለታል፣ ለሌሎቹ እምቢ» አለኝ።

እዚህ ጋ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ቁርጥ አለ። ሰርቨሩ ሴንትኦኤስ 7 ነው፣ ከርነሉ 3.10። «ቲሲፒ ቲደብሊው ሪሳይክል ስንት ነው የሚለው?» አልኩት። «1» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የቲሲፒ ግንኙነት ሲያበቃ ቀድሞ የዘጋው ወገን ወዲያው አይረሳውም። «ታይም ዌት» በሚባል ሁኔታ ሊኑክስ ላይ 60 ሰከንድ ያቆየዋል። እንግዳ ሸኝተን ጥግ እስኪዞር በር ላይ ቆም እንደምንለው ማለት ነው። ምክንያቱም መንገድ ላይ የዘገየ ፓኬት ዘግይቶ ደርሶ ከአዲሱ ግንኙነት ጋር እንዳይደባለቅ ነው። ሥራ የሚበዛበት ሰርቨር ላይ እነዚህን ስትቆጥሯቸው በሺዎች ይሆናሉ። ያልለመደ ሰው ያያቸውና ይደነግጣል፤ «ሰርቨሬ በሞቱ ግንኙነቶች ተሞላ!» ይላል። ኧረ ምንም አልሆነ። እያንዳንዳቸው የሚይዙት ሜሞሪ ኢምንት ነው። ግን የደነገጠ ሰው መድኃኒት ይፈልጋል፣ መድኃኒት ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ ይሄ ሪሳይክል የሚባለው ነበር፤ «1 በለው፣ ቶሎ ያጸዳልሃል»።

ቶሎ ለማጸዳት ግን ከርነሉ አንድ አቋራጭ ይይዛል። ከእያንዳንዱ አይፒ አድራሻ መጨረሻ ያየውን የሰዓት ማህተም ያስታውሳል፤ ከዚያው አይፒ በደቂቃ ውስጥ ከዚያ ያነሰ ማህተም ይዞ የመጣ አዲስ የግንኙነት ጥያቄ ሲያይ «ይሄ አሮጌ ነው» ብሎ ይጥለዋል። ለላኪው አይነግረውም። ስህተትም አይመልስለትም። ዝም።

አንድ አይፒ አንድ መሣሪያ ቢሆን ኖሮ ችግር የለውም። ግን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያሉት ሃምሳ ስልኮች ወደ ውጭ የሚወጡት በአንድ አይፒ ነው፤ ናት የሚባለው ነገር ማለት ነው። እያንዳንዱ ስልክ ደግሞ ማህተሙን የሚቆጥረው በራሱ ነው፣ የአንዱ ከሌላው አይገጥምም። በር ላይ ያለ ዘበኛ የወረፋ ቁጥር የሚመዘግበው በሰው ሳይሆን በቤት ቁጥር ነው እንበል። ታላቅየው 80 ቁጥር ይዞ ገባ። ታናሽየው 35 ይዞ ሲመጣ «ከዚህ ቤት 80 ገብቷል፣ ያንተ ያለፈበት ነው» ብሎ በሩን ይዘጋበታል። ያውም ሳይናገረው።

እኛ አገር ሰው ኢንተርኔት የሚያገኘው እንዴት ነው? በካምፓስ ዋይፋይ፣ በካፌ ዋይፋይ፣ በጎረቤት ዋይፋይ፣ በሞባይል ዳታ፤ አብዛኛው ከብዙ ሰው ጋር አንድ የውጭ አይፒ ተጋርቶ ነው። ያንን ቁጥር 1 ማድረግ ማለት ደንበኞችህን መርጠህ ማባረር ማለት ነው።

ኔትስታት ላይ የጥቅል ቆጠራውን እንዲያወጣ ነገርኩት። በሰዓት ማህተም ምክንያት የተጣሉ የግንኙነት ጥያቄዎችን የሚቆጥር መስመር አለ። ቁጥሩ ብዙ ሺህ ነበር፣ እያየነው ይጨምር ነበር። ወደ 0 መለሰው። ቤተ መጻሕፍቱ እስከ ስድስት ሰዓት ክፍት ስለሆነ እዚያ ላለ ጓደኛው ደወለ። ተከፈተ። የሁለቱንም ጩኸት በስልክ ሰማሁት።

ከዚያ እኔ፣ አስተማሪ አይደለሁ፣ «ይሄን መስመር ማነው ያስገባው?» አልኩ። ፋይሉን ከፍቶ ያነብልኝ ጀመር። ሁለተኛው መስመር ላይ አወቅሁት። አራተኛው መስመር አጠገብ ካለው ማብራሪያ ላይ የሠራሁት የፊደል ስህተት ሳይቀር አለ። የኔ ሃንድአውት ነው። በ2008 ለክበቡ ያባዛሁላቸው፣ «የሰርቨር ማፍጠኛ ቅንብሮች» ብዬ ርዕስ የሰጠሁት፣ ከሆነ ቦታ ገልብጬ ስማቸውን ብቻ በአማርኛ ያስረዳሁት ገጽ 14። ልጁ ስምንት ዓመት ሙሉ አስቀምጦታል። ቲቸር ያስተማረኝ ነው ብሎ አምኖኝ ነው። ሥራውን ሊያሳጣው የነበረው እኔ የሰጠሁት ወረቀት ነው።

እሱ ምንም አላለኝም። «ቲቸር፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም።

አሁን ወደ 25ቱ መስመሮች። ያው መስመር እዚያ ውስጥ አለ! የሊኑክስ ከርነል ሠሪዎች ይሄን ቅንብር በናት ላይ የሚያደርሰውን አይተው እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው 4.12 ላይ ጨርሶ አውጥተውታል። ዛሬ አዲስ ማሽን ላይ ብታስገቡት «እንደዚህ የሚባል ነገር የለም» ብሎ ይመልስላችኋል። ኮሜንቱን ሳነብ አንዱ ይሄንኑ ጠይቋል፦ «ኤረር ይለኛል፣ ምን ላድርግ?» ሌላው የመለሰለት፦ «ዳሽ ኢ ጨምርበት፣ ዝም ይላል»። እውነቱን ነው፣ ዳሽ ኢ የማይታወቁ ስሞችን ዝም ብለህ እለፍ ማለት ነው። ከርነሉ «ይሄን ጥለነዋል» እያለ ሲለምነው አፉን ያዝለት ነው የተባለው። ሰባ ስምንት ሰው ላይክ አድርጎታል።

ነባሪ ቁጥሮቹ፣ ዲፎልት የምንላቸው፣ ስንፍና የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። «ዲፎልቱ እኮ ለደካማ ማሽን ነው» ይላሉ። ለአንዳንዱ እውነት ነበር። ለምሳሌ «ሶማክስኮን»፣ ማለትም አንድ ፕሮግራም ገና ያልተቀበላቸው ግንኙነቶች የሚሰለፉበት ወረፋ ጣሪያ፣ ለብዙ ዘመን 128 ነበር፤ ለሥራ የበዛበት ሰርቨር ያንስ ነበር። ታዲያ ከርነል 5.4 ላይ ራሳቸው 4096 አደረጉት። ዝርዝሩ ግን አሁንም «1024 አድርጉት፣ ይጨምራል» ይላል። ወዳጄ፣ ቀንሰኸዋል! ሌላው ደግሞ 65535 ያደርገዋል፤ ግን ፕሮግራሙ ራሱ ስንት እንደሚጠይቅ አያይም። ኤንጂንኤክስ ሊኑክስ ላይ ካልነገርከው በቀር የሚጠይቀው 511 ነው። ጣሪያውን ሰማይ ብታደርሰው ሰውየው ቁመቱ ያው ነው።

ስዋፒነስም እንደዚሁ። ነባሪው 60 ነው። «60 ማለት ሜሞሪ 60 ፐርሰንት ሲሞላ ወደ ዲስክ መጣል ይጀምራል ማለት ነው» የሚል ማብራሪያ ያልሰማ አለ? እኔም አስተምሬዋለሁ፣ ይቅር ይበለኝ። ስህተት ነው። ቁጥሩ ፐርሰንት አይደለም። ሜሞሪ ሲጠብ ከርነሉ ቦታ የሚያስለቅቀው ከሁለት ወገን ነው፤ ከፕሮግራሞች የሥራ ሜሞሪ (ወደ ስዋፕ በመጣል) ወይም ከዲስክ ተነብቦ ከተቀመጠ የፋይል ካሽ። ስዋፒነስ ወደየትኛው ያድላ የሚለውን ሚዛን ነው የሚወስነው። ከ5.8 ወዲህ እስከ 200 ይሄዳል፤ ፐርሰንት ቢሆን 200 ከየት ይመጣል? ዝርዝሩ «0 አድርጉት» ይላል። 0 ማለት ከ3.5 ወዲህ ነፃው ሜሞሪና የፋይል ካሹ ወለል እስኪነካ ድረስ ስዋፕን አትንካ ማለት ነው። ጠባብ ማሽን ላይ ይሄ የሚያበቃው ከርነሉ አንድ ፕሮግራም መርጦ በመግደል ነው፤ የሚመርጠው አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ሜሞሪ የያዘውን ነው፤ ብዙ ሜሞሪ የያዘው ደግሞ ዳታቤዝህ ነው። ከመንካትህ በፊት ቪኤምስታት ከፍተህ ስዋፕ ግቢና ውጪ የሚሉትን ሁለት ዓምዶች ደቂቃ ያህል እይ። ዜሮ ዜሮ እያሉ ከሆነ ስዋፒነስ ያንተ ችግር አይደለም። በቃ።

«ድሮፕ ካሽስ»ን በክሮን በየሰዓቱ 3 እያደረጉ «ራም ማጽዳት» የሚሉትን ደግሞ እንዲሁ ልለፋቸው ብል አልቻልኩም። ወጥ የምትሠራ እናት አጠገብ ያለውን ጨው፣ በርበሬ፣ ዘይት በየሰዓቱ እየሰበሰብክ ጓዳ ብትመልስባት ማድ ቤቱ ሰፊ ይመስላል፤ ምሳ ግን ይዘገያል። ካሹ የቆሸሸ ራም አይደለም። ፕሮግራም ሲፈልገው ከርነሉ ራሱ ያስለቅቀዋል። «ፍሪ» የሚለው ትዕዛዝ ላይ ማየት ያለባችሁ «አቬይለብል» የሚለውን ነው፣ «ፍሪ» የሚለውን ዓምድ አይደለም።

አሁን እኛን አገር በተለይ የሚነካው። ዝርዝሩ «ደርቲ ሬሾን 60፣ ባክግራውንዱን 50፣ ኤክስፓየሩን 60000 አድርጉ» ይላል። ፋይል ሲጻፍ መጀመሪያ ሜሞሪ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ከርነሉ ቆይቶ ወደ ዲስክ ያወርደዋል። ነባሪው 20 እና 10 ፐርሰንት ነው፤ ቁጥሩ ባይሞላም ሜሞሪ ላይ 30 ሰከንድ የቆየ ጽሑፍ ይወርዳል። ኤክስፓየሩ የሚለካው በሰከንድ መቶኛ ስለሆነ ነባሪው 3000 ይላል። 60000 ማለት እንግዲህ አሥር ደቂቃ ነው። አሥር ደቂቃ ሙሉ ሥራህ ራም ላይ ብቻ ተንሳፎ ሊቆይ ይችላል። ጄኔሬተሩ የማይቋረጥበት ዳታ ሴንተር ውስጥ ላለ ሰው ምናልባት። ለኔ ላብ?

ይሄንንም ሞክሬዋለሁ፣ ምን ይደረግ። የላባችን ፋይል ሰርቨር 4 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። የተማሪዎቹ ማሽኖች ሲነሱ ወደ ነበሩበት እንዲመለሱ ፍሪዝ የተደረጉ ናቸው፣ ስለዚህ ልጆቹ ሥራቸውን ሰርቨሩ ላይ ነው የሚያስቀምጡት። የተግባር ፈተና አስገብተው ጨርሰው እያጨበጨቡ ሲወጡ መብራት ጠፋ። ዩፒኤሱ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። መብራት ሲመጣ ማውጫው ውስጥ የሁሉም ስም አለ፣ ፋይሎቹ ግን አብዛኞቹ ዜሮ ባይት። ጥቃቅን ፋይሎች ስለሆኑ 50 ፐርሰንቱን ሊሞሉ አይችሉም፣ አሥር ደቂቃውም አልሞላም። ነባሪውን ባልነካው ኖሮ ቢበዛ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ልጆች ሥራ ነበር የሚጠፋው። ፈተናውን ድገሙ ስላቸው አንዲት ልጅ ምንም ሳትናገር ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም። ምን አተረፍኩ? ፋይል ሲቀዳ ቶሎ «አለቀ» ይላል። አላለቀም እኮ፣ የዋሸ ነው!

ዳታቤዞች «ዲስክ ላይ ደርሷል» እስኪባሉ የሚጠብቁበት መንገድ ስላላቸው በዚህ ያን ያህል አይጎዱም። ተራ ኮፒ የሚያደርግ ስክሪፕት ግን፣ ባክአፕ የሚያደርገውንም ጨምሮ፣ አይጠብቅም።

«እና ምንም አንንካ ነው የምትለው?» የሚል ይመጣል፣ አውቃለሁ። አላልኩም። ሊኑክሱን ራውተር ልታደርገው ከሆነ አይፒ ፎርዋርድን 1 ሳትል አይሠራም። ኢላስቲክሰርች የምትጭን ከሆነ የማክስ ማፕ ካውንት ነባሪ 65530 አይበቃውም፣ ከፍ አድርግልኝ ብሎ ራሱ ሰነዱ ላይ ይጠይቅሃል። ሬዲስ ስለ ኦቨርኮሚት ሲነሳ ራሱ ያስጠነቅቅሃል። ልዩነቱን አያችሁ? እነዚህ ላይ ማን እንደጠየቀ፣ ለምን እንደጠየቀ ይታወቃል። 25ቱ መስመሮች ላይ ግን ማንም የጠየቀ የለም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

እኔ አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። የታመመ ነገር ከሌለ አልነካም። ካለ በቁጥር አየዋለሁ፤ ቪኤምስታት፣ ኤስኤስ፣ ኔትስታት፣ ሳር ካለም ሳር። አንድ ቁጥር ብቻ እቀይራለሁ፣ መጀመሪያ በዳሽ ደብሊው፣ ማሽኑ ቢነሳ እንዲጠፋ ሆኖ። መልሼ እለካለሁ። ካልተለወጠ እመልሰዋለሁ። ከተለወጠ ብቻ ፋይል ውስጥ አስገባዋለሁ፤ ከላዩ የድሮውን ቁጥር፣ ቀኑን፣ ለምን እንደሆነ እጽፋለሁ። ይሄ የመጨረሻው ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በትዕዛዝ ብቻ ቀይሮ ፋይል ውስጥ ሳያስገባ የረሳ ሰው፣ ከስድስት ወር በኋላ መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ሲነሳ የዳነው በሽታ ይመለስበታል፤ ያኔ እሱ ሥራ ቀይሯል፣ የሚሰቃየው ተተኪው ነው። ምክንያቱን ሳይጽፍ ፋይል ውስጥ ያስገባ ደግሞ ለተተኪው ማንም ለመንካት የሚፈራው ቅርስ ትቶለት ይሄዳል። ተማሪዬ ያንን ፋይል አልነካውም የነበረው የኔ ስለሆነ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ከዚህ በፊት ስለ ሊኑክስ ስጽፍ «በዲፕሎማ ስለ ከርነል ታወራለህ?» ያለኝ ሰው ነበር። አዎ አወራለሁ። ከርነሉ የትምህርት ማስረጃ አያይም። የያንዳንዱ ቁጥር ማብራሪያ ከራሱ ከከርነሉ ጋር በነፃ ይመጣል፣ አንዴ አውርዳችሁ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ትችላላችሁ። ገጽ 14ን ሳባዛ ያላነበብኩት እሱን ነው።

የ2008፣ የ2009 እና የ2010 የክበብ ልጆች፦ ያ ሃንድአውት ያላችሁ ገጽ 14ን ቀዳችሁ ጣሉት። በየመሥሪያ ቤታችሁ ከዚያ ገጽ የገባ ነገር ካለ በአንዴ አትደምስሱት፣ አንድ በአንድ እያያችሁ መልሱ። በተለይ ሴንትኦኤስ 7 ላይ ያላችሁ (ድጋፉ ካበቃ ቆይቷል፣ እሱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው) ዛሬውኑ ሪሳይክሉን እዩ። የተጠራጠራችሁበትን መስመርና ማሽኑ ምን እንደሚሠራ ኢንቦክስ ጻፉልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ላብ ነኝ፣ መብራት ካለ።